በአሸዋ የተለካ ብረት

ከጅዳው ኦብሑር ባሕር ዳር እስከ መካው ኩዳይ ድረስ፣ ትንሽ ትራክተርን ከዕቃዋ ጋር በማጋባት እኔን የሚያክል ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ጡት አልጣለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆን ኖሮ እስከ የመን ድንበር እወስደው ነበር። የትራክተሯን ድምፅ ከሦስት መንገድ ማዶ ሰምቼ የትኛው ማጨጃ፣ የትኛው ተሳቢ፣ የትኛው ማረሻ እንደሚስማማት እናገራለሁ። ሰው ለልጁ ሽማግሌ እንደሚልክ ወደ እኔ ይልካሉ፤ "ለዚች ብረት ባል ፈልግላት" ይሉኛል። እፈልግላታለሁ። ካጋባኋቸው ውስጥ አንድም የተፋታ የለም ብዬ በጅዳ፣ በሂንዳዊያ ሰፈር ሻይ ቤቶች ሁሉ አውርቻለሁ፤ ያልሰማ ካለ አዲስ ገብ ነው።

እውነትም የተፋታ የለም። አንዷ ግን ሞታለች። የማወራው ስለ እሷ ነው።

የምሠራው ከሂንዳዊያ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሆሽ ውስጥ ነው። ሆሽ የሚሉት በቆርቆሮ የታጠረ የዕቃ ግቢ ነው፤ ውስጡ ፀሐይ፣ ዝገትና ግመል የምታህል የውሃ ማቀዝቀዣ አለ። አሮጌ ትናንሽ ትራክተሮችና ከኋላቸው የሚታሰሩ ዕቃዎች ይገባሉ፤ እንጠግናለን፣ እንቀባለን፣ እናስማማለን፣ ይወጣሉ። ማስማማቱ የእኔ ነው።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። ትንሽ ትራክተር ብቻዋን ስትሆን ጎማ ያላት ወንበር ናት። ቁም ነገር የምትሠራው ከኋላዋ በሚታሰረው ዕቃ ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ተሰጥቷታል። አንደኛው ከወገቧ በስተኋላ ብቅ ያለ ባለ ጥርስ ዘንግ ነው፤ ፒቲኦ እንለዋለን፤ የሞተሩን ጉልበት ወስዶ ዕቃውን የሚያዞረው እሱ ነው። ሁለተኛው በዘይት ግፊት የሚነሱና የሚወርዱ ክንዶቿ ናቸው፤ ሃይድሮሊክ የምንለው። ስለዚህ ዕቃ ከመምረጥህ በፊት ዘንጉን "ይህን ማዞር ትችላለህ ወይ?"፣ ክንዶቹን "ይህን መሸከም ትችላላችሁ ወይ?" ብለህ መጠየቅ ግድ ነው። ሞተሩ ሃያ አምስት ፈረስ አለው ቢሉህ፣ ዘንጉ ጋ የሚደርሱት ሃያ ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት መንገድ ላይ ሣር ሲግጡ ይውላሉ።

በእኛ ሆሽ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ያለን ሞረድና ቀለበት ነው። ማሰሪያው ለቀዳዳው ከቀጠነ ቀለበት ታለብሰዋለህ፤ ከወፈረ ትሞርደዋለህ፤ ዘንጉን ከዕቃው የሚያገናኘው ብረት ከረዘመ ትቆርጠዋለህ። ከዚያ ትገፋዋለህ። "ቀጭ" ካለ፣ ኸላስ፣ ተስማምቷል። ዩኒቨርሲቲ የገባ መሐንዲስም ቢመጣ የምንነግረው ይህንኑ ነው፦ ቀጭ ካለ ሌላ ነገር አትጠይቅ።

ሙከራውን የምናደርገው አሸዋ ላይ ነው፤ ጅዳ ሌላ ምን አላት? እንደ አሸዋ ያለ ይሉኝተኛ ደግሞ አይቼ አላውቅም። ምን ብታስገባበት እምቢ አይልም። በማንኪያ ብታርሰውም ይታረሳል።

ሐጂ የምላቸው አዛውንት ኩዳይ ውስጥ የሐጃጆችን አውቶቡስ የሚያጥቡ የወሎ ሰው ነበሩ። መካ ውስጥ ፂሙ የሸበተ ሁሉ ሐጂ ይባላል፤ እሳቸው ግን የእውነትም ሐጂ ናቸው፣ መስኮት ሲወለውሉ የዓለምን ሕዝብ በሙሉ በመስታወት ያዩ። የተዋወቅነው ለአውቶቡስ ማጠቢያው ፓምፕ ይዤ የሄድኩ ጊዜ ነው። የአገር ልጅ መሆኔን እንዳወቁ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

"የአራሽ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ስምንቱን ጥማድ በሬ ያሰማራ ቀን ከአቧራው ብዛት ደሴ ላይ ፀሐይ አትታይም ነበር" አልኳቸው።

ሳቁ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው እንደገና ጨበጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፍቶ የአራሽ ልጅ ሆንኩ። እሳቸው ራሳቸው ገበሬ ነበሩ፤ ወጣት ሳሉ ዋልካ መሬታቸውንና ሚስታቸውን ትተው የመጡ። ዋልካ ማለት ያ ጥቁሩ፣ ሲረጥብ እግር የሚይዘው፣ ሲደርቅ እንደ እርጅና ፊት የሚሰነጣጠቀው አፈር ነው። ስለ እሱ ሲያወሩ የሚሰማ ሰው ስለ ወንድማቸው የሚያወሩ ይመስለዋል።

የአውቶቡሶቹ ባለቤት፣ ከፊላቸው፣ ማለትም አሠሪና ዋሳቸው፣ ኦብሑር የባሕር ዳር ቤትም አለው። አንድ ቀን ጠርቷቸው "አንተ ሸይባ ሆነሃል፣ አርጅተሃል፤ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን፣ ከእንግዲህ አላድስም፣ ወደ አገርህ ግባ" አላቸው። ለዚያ ሁሉ ዘመን አገልግሎት የሰጣቸው ደግሞ በባሕር ዳር ቤቱ አሸዋ ስታበጥር የኖረችውን ትንሽ የጃፓን ትራክተር ነው። ሐጂን ቅር አላላቸውም። እንዲያውም ሌሊት በሕልማቸው ያዩት ነገር የተሰጣቸው ያህል ነበር።

ሐሳባቸው ይህ ነበር። በአገራቸው በሬው አልቋል። ወጣቱ ደግሞ እዚህ ጅዳና ሪያድ ነው፤ መሬቱ አራሽ አጥቶ ጦም ያድራል። ትራክተሯን ልከው የራሳቸውን ያርሱባታል፣ የጎረቤቱንም ያርሱባታል፤ በእሷ ያረጃሉ። ለሚስታቸው በየዓመቱ "ስመጣ ባዶ እጄን አልመጣም" ሲሉ ኖረዋል። ትራክተሯ ካረሰች የሚመለሱት የቤት ባለቤት ሆነው ነው። ካላረሰች ግን በስተርጅና የዘመድ እጅ የሚያዩ እንግዳ ሆነው ነው። ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፤ እኔም ይህን ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቅ ነበር።

ትራክተሯን ሆሻችን ያስመጧት ከኋላዋ አንዲት ጠባብ የአፈር መፈልፈያ ታስራባት ነው፤ በዘንጉ ኃይል የሚሽከረከሩ ጥምዝ ቢላዎች ያሏት። ስፋቷ በትራክተሯ ሁለት ጎማዎች መካከል ካለው እምብዛም አያልፍም።

"ይቺኛዋ አብራት ከጃፓን የመጣች ናት አሉ" አሉኝ ሐጂ።

"ይህማ የሕፃን ማበጠሪያ ነው። በዚህ አርሰው ሲጨርሱ የልጅ ልጅዎ ሐጅ አድርጎ ይመለሳል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል የአራሽ ልጅ? አንተው እወቅበት እንጂ።"

አወቅኩበት። ከሆሹ ጥግ ለአንድ ትልቅ ትራክተር የተሠራ ቀይ መፈልፈያ ነበር፤ እንደ ቤተ መንግሥት በር ሰፊ። ስንት ፈረስ እንደሚጠይቅ የሚናገር ሰሌዳ ነበረው፤ አሁን ከቀለም በታች ነው። የቀባሁትም እኔ ነኝ፤ ቀይ በቀይ አምሮልኝ ነበር። የትራክተሯ ማሰሪያ ለቀዳዳው ሲቀጥን ቀለበት አለበስኩት፤ አገናኙ ብረት ሲረዝም በመጋዝ ቆረጥኩት፤ ገፋሁት፤ ቀጭ አለ። ሐጂ "ማሻአላህ" አሉ።

ከዚያ ክንዶቿን አስነሳኋት። ተነሱ፤ ነገር ግን ጧት ከአልጋው እንደሚነሳ የቁርጥማት በሽተኛ እየተንቀጠቀጡ። መፈልፈያው ከመሬት ለቀቅ ሲል የፊት ጎማዎቿም አብረው ከመሬት ለቀቁ።

"ይህ መንቀጥቀጧ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ደስታ ነው ሐጂ። ሙሽራ አይተው አያውቁም?"

ሁለት የዘይት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልቼ ከፊቷ አንጠለጠልኩላት። የፊት ጎማዎቿ መሬት ነኩ። እኔም ከሊቅነቴ ብዛት ላብ አጠመቀኝ። በላዩ ላይ አንድ ገልባጭ ተሳቢ መረጥኩላት፤ ጭነቱን በዘይት ግፊት ወደ ኋላ የሚደፋ። ባዶውን ሞከርኩት፤ ሱረቱል ፋቲሐን ቀርተህ ሳትጨርስ ሽቅብ ይቆማል። ጠባቧን መፈልፈያ አንድ የኦብሑር አትክልተኛ ወሰዳት፤ በምትኳ ለቀዩ የሚሆኑ አዳዲስ ቢላዎች ሰጠን።

ሙከራው ኦብሑር፣ ከፊሉ ባሕር ዳር ላይ ሆነ። ትራክተሯ አሸዋው ውስጥ ስትገባ ቀዩ መፈልፈያ አሸዋውን እንደ ፊኖ ዱቄት ነፋው። ከባሕሩ ማዶ ያሉ ሱዳኖች ጭጋግ የመጣባቸው መስሏቸው መብራት ያበሩ ይመስለኛል። ሐጂ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው በታረሰው ላይ በባዶ እግራቸው ሄዱ፣ ተመለሱ። ከአሸዋው በእጃቸው ዘግነው አዩትና በጣቶቻቸው መሃል አፈሰሱት።

"የእኛ ግን እንዲህ አይፈስም" አሉ። "ዋልካ ነው። ይይዛል። ደግሞ ድንጋይ አለበት፤ አንተ ታውቀዋለህ።"

እዚህ ላይ ዝም ብል፣ ወይም እስቲ ስለ ዋልካው ያጫውቱኝ ብላቸው ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር።

"አላጣሁትም ሐጂ" አልኳቸው። "የዋልካ መድኃኒቱማ ይህ ቀዩ ነው።"

"በል አላህ ይስጥህ። አንተን ባላገኝ ምን እሆን ነበር።"

ትራክተሯ፣ ቀዩ መፈልፈያና ተሳቢው በካርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ አገር ሄዱ። ሐጂ ግን ወደ ኋላ ቀሩ፤ ኢቃማቸው እስኪያልቅ ጥቂት ጊዜ ነበራቸው፤ እሷ ማረስ መጀመሯን ሰምተው፣ ተረጋግተው ሊሄዱ። እዚያ የሚነዳት የእህታቸው ልጅ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ጎልማሳ። ወሬውን በድምፅ መልእክት የምታደርሰው ሚስታቸው ናት። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኩዳይ እሄዳለሁ። ሁለታችን አውቶቡስ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ስልኩን መሃላችን አስቀምጠን እንሰማለን።

የመጀመሪያው መልእክት ሰርግ ነበር። "አንቱ፣ ብረቱ ደርሷል" አለች ሚስታቸው። ከኋላዋ የሕዝብ ድምፅ ይሰማል። "አገሩ በሙሉ ሊያየው መጥቷል። ሼኹም ዱዓ አድርገውበታል። እንግዲህ የቀረው አንቱ ብቻ ኖት።" ሐጂ ይህቺን የመጨረሻዋን ደጋግመው ሰሟት። እኔም የመረጥኩት እኔ ነኝና በየመሃሉ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር።

በሁለተኛው ጁምዓ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ። ተሳቢውን ድንጋይ ጭነውበት ሊደፉት ቢሉ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ተወው፤ ሰው ተሰብስቦ በእጁ አወረደው። እኔ ወዲያው ገብቶኛል። የተሳቢው ማንሻ የሚጠጣው ዘይት ትንሿ ትራክተር በሆዷ ከያዘችው ይበልጣል፤ የምትገፋበት አቅምም የላትም። ባዶውንማ እኔም በጀርባዬ አነሳዋለሁ።

"ዘይት ይጨምሩላት" አልኩ።

"ዘይት ጨምሩላት" ብለው ሐጂ ወደ ስልኩ ደገሙት፤ የሐኪም ትእዛዝ ይመስል።

ቀጥሎ የመጣው የእርሻው ነው። "ገብቶ አንድ ክንድ ሳይሄድ ሞተሩ ይጠፋል" አለች። "ልጁ እንደምንም ቢያስቀጥለው ደግሞ ብሎን ተበጠሰ። ሌላ ቢያስገባ እሱም ተበጠሰ። አንቱ፣ ይህ ነገር ጤና ነው?"

ስለዚህ ብሎን ልናገር። ዘንጉና ዕቃው በሚገናኙበት ላይ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ አንድ ብሎን አለ። ቢላዎቹ ድንጋይ ሲመቱ ወይም አፈሩ ሲይዛቸው እሱ ይበጠስና የትራክተሯን አንጀት ያተርፋል። የቤት በረኛ ማለት ነው፤ ዱላውን እሱ ይቀበላል። ብሎኑ ቶሎ ቶሎ ከተበጠሰ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ዕቃ ለዚች ትራክተር ይበዛባታል።

ይህን ለሐጂ አልነገርኳቸውም። "አብሽሩ፣ መላ አለው" ብዬ ተነሳሁ። መላው ያቺ ያሾፍኩባት ጠባብ መፈልፈያ ነበረች። ከትራክተሯ ጋር አብራ የተወለደች፤ ሃያ ፈረስ የሚበቃት፤ ክንዶቿ ሳይንቀጠቀጡ የሚያነሷት። እሷን አስመልሼ በቀጣዩ ካርጎ ብልካት ሐጂ ይተርፋሉ። እኔም "ቀዩ ለበጋ ነው፣ ይቺ ለክረምት" የምትል ማብራሪያ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

አትክልተኛውን አፈላልጌ አገኘሁት። መፈልፈያዋን የሚሠራበት ቤት አስቀምጧት እንደነበር ነገረኝ። ኦብሑር ሄጄ የቤቱን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ የአገር ልጅ ናት፤ በሻርፗ ጥግ ማተቧ ብልጭ አለ።

"ምን ፈለጉ ጋሼ? ማዳም ተኝታለች፣ ቶሎ ይበሉ።"

"እህቴ፣ አትክልተኛው ያመጣው ብረት ነበር እዚህ። ቢላ ቢላ ያለው።"

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። "እሱ የእርስዎ ነው እንዴ? ኑ፣ ከዚህ ሆነው ይዩት።"

በአጥሩ ጥግ በኩል አሳየችኝ። መፈልፈያዋ መዋኛው ዳር ቆማለች፤ ከራስ እስከ እግሯ የወርቅ ቀለም ተቀብታለች። በያንዳንዱ ቢላዋ ጫፍ ላይ አንዳንድ የአበባ ማሰሮ ተንጠልጥሏል። ሳላፍር እናገራለሁ፣ አምሮባታል።

"ማዳም በሷ ፎቶ ካልተነሳች ቀኑ አይመሽላትም" አለችኝ።

"ቢላዎቹ ይዞራሉ?"

"የምን መዞር? ልጆቹን እንዳይቆርጥ ብላ በያጅ አስመጥታ ኸላስ አስበየደችው።"

"ሌላ ልቀይርላት። የሚያምር ላምጣላት፣ ከዚህ የሚበልጥ።"

"ጋሼ፣ በማርያም ይሂዱ። ባለፈው አንዱን ማሰሮ ሳጠጣ ብሰብርባት ሳምንት ሙሉ ዘጋችኝ። መዝጋቷ ባልከፋ፤ ስታናግረኝ ነው የሚከፋው።" በሩን ገፋ አድርጋ ቆመች። "ለማን ነበር?"

"ለአንድ ሽማግሌ። ወደ አገር ሊገቡ ነው።"

"መግባቱስ መልካም ነበር" አለች፣ "ባዶ እጅ ካልሆነ።" ከውስጥ ድምፅ ሲጠራት በሩ ተዘጋ።

ከኦብሑር እስከ ሂንዳዊያ ያለው መንገድ ያን ቀን ከሐበሻ እስከ ሒጃዝ ካለው ረዘመብኝ። ተበይዷልና ቢሰጡኝም አይረባም። እንደሷ ያለች ሌላ በየሆሹ ጠየቅኩ፤ ያለው ሁሉ ትልቅ ነው፣ እዚህ አገር ትንሽ ነገር የሚገዛ የለም። ሰው ምላሱ ከፍ ባለ ቁጥር መውረጃ ያጣል። ለሐጂ ሄጄ "ተሳስቻለሁ፣ ቀዩን አውልቁት፣ ትራክተሯን አትንኳት" ማለት ነበረብኝ። ይህን ቢያደርጉ ትራክተሯ ቢያንስ ትተርፋለች።

ጁምዓ ኩዳይ ስደርስ ሐጂ ሻይ አስቀድተው ይጠብቁኛል።

"እህ፣ የአራሽ ልጅ? መላውስ?"

አየኋቸው። የሚያዩኝ ልክ ሕፃን ልጅ ከሱቅ የመጣ አባቱን እንደሚያይ ነው።

"ቀላል ነው" አልኩ። "ብሎኑ ደካማ ነው። ጠንካራ ያስገቡበት።"

"ጠንካራ?"

"የማይበጠስ። የከባድ መኪና ብሎን ፈልገው በልኩ ያስገቡበት። እኛ ሆሽ ውስጥ ሁሌ እንዲህ ነው የምናደርገው።"

ይህ ውሸት አይደለም። ሁሌ እንዲህ ነው የምናደርገው። አሸዋ ምንም ስለማይዝ ማንም ተጎድቶ አያውቅም።

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ግን ያ ጃፓኑ ብሎኑን ለምን እንዲበጠስ አደረገው ይሆን?"

"ብሎን ሊሸጥልን ነዋ ሐጂ።"

በጣም ሳቁ። ሻዩ ከብርጭቆው እስኪፈስ። ስልኩን አፌ ላይ አስጠጉልኝና ለእህታቸው ልጅ ራሴ እንድነግረው አደረጉኝ። በራሴ ድምፅ፣ በሊቅ ድምፅ፣ እየቀለድኩ ነገርኩት።

የሚቀጥለው መልእክት አጭር ነበር፤ ሚስታቸው ብቻዋን ነበረች፤ ከኋላዋ ሕዝብ አይሰማም። "አንቱ፣ እንደተባለው አደረገ። ብሎኑ አልተበጠሰም። ድንጋይ ያዘውና በሆዱ ውስጥ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሞተሩ ይነሳል፣ ያ ዘንጉ ግን አይዞርም። ከከተማ መካኒክ መጥቶ ከፍቶት የውስጡ ጥርስ ተሰብሯል ብሏል። ብረቱን ይዞ ሄዷል ሊያሳይ። ዝናቡ ጀምሯል። አንቱ ደህና ኖት?"

ሐጂ ስልኩን ገልብጠው ሽርጣቸው ላይ አስቀመጡት። ከጎናችን አንድ አውቶቡስ የናይጄሪያ ሐጃጆችን እያራገፈ ነበር። ተነሥተው የአውቶቡሱን መስኮት ማጠብ ጀመሩ፤ ተራቸው አልነበረም።

የተሰበረውን ማርሽ ለማግኘት ያልገባሁበት የለም። ፎቶውን ይዤ በጅዳ ያሉትን አሮጌ መኪና የሚፈታባቸውን ግቢዎች ዞርኩ። ትራክተሯ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ናት፤ እንደሷ ያለች እዚህ አገር ሁለተኛ አልገባችም። አንዱ ሻጭ ፎቶውን አገላብጦ አይቶ "ይህ የትራክተር ነው የእጅ ሰዓት?" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልዱን እሰርቀው ነበር። መካኒኩም በአገር ቤት አጣው። ይቀረጽ ቢባል የሚቀርጸው በስንት ፍለጋ ተገኘ፤ የተቀረጸውም በመጀመሪያው ቀን ተላጠ። ከዚያ በኋላ ትራክተሯን ሰው ገፍቶ ከቤቱ ኋላ አቆማት። ተሳቢውን ለእንጨት ማስቀመጫ አደረጉት። በቀዩ መፈልፈያ ላይ ዶሮዎች ይሰፍራሉ አለች ሚስታቸው፤ "ለነሱስ ሰፍቷቸዋል።"

ኢቃማቸው አለቀ። ከፊሉ ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆያቸው እኔም ቆሜ ለምኜ ነበር፤ በትሕትና፣ ሻይ አስቀርቦ፣ እምቢ አለ። ኹሩጅ፣ የመጨረሻው መውጫ፣ ወጣላቸው፤ ኹሩጅ የተመታበት ሰው ተመልሶ አይገባም።

የሸኘኋቸው ከኩዳይ ነው። ወደ ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳቸው እነዚያው ሲያጥቧቸው ከኖሩት አውቶቡሶች አንዱ ነው፤ ሲገቡ በልማድ የበሩን መስታወት በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉት። የያዙት አንድ የጨርቅ ሻንጣና ዘምዘም ነው። ቀልድ ፈለግኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኪሴ ባዶ እጄን አወጣሁ።

በመስኮቱ ጠሩኝ። "አንተ የአራሽ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሲከነክነኝ ነው የከረመው።"

"ይጠይቁ ሐጂ።"

"የእናንተ አገር አፈር ቀይ ነው፣ አይደል?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም።

"ቀይ አፈር ልስልስ ነው" አሉ። "ቀይ አፈር ሲያርስ ያደገ ሰው የዋልካን ክፋት ከየት ያውቀዋል። ለባለቤቴም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ ልጁ ክፋት የለውም፣ አባቱ ቀይ አፈር ላይ ነው ያሳደገው፣ ቢሳሳት አይፈረድበትም አልኳት። እሷም ተቀበለች።"

ያ ሁሉ ሳምንት እሳቸው ምን እንደሚሆኑ ማሰብ ትተው ለእኔ ማምለጫ ሲፈልጉ ነበር የከረሙት። አገኙልኝም።

"ቀይ ነው ሐጂ" አልኳቸው። "እንደ ደም ቀይ።"

"አወቅኩት" አሉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። "በል አላህ ይጠብቅህ። ለአባትህ ዱዓ አደርጋለሁ።"

አውቶቡሱ ሄደ።

አባቴ ቀይም ጥቁርም መሬት አልነበረውም። ደሴ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ በዕድሜዬ አንድ ትልም አርሼ አላውቅም፤ ከሞፈርና ከቀንበር የትኛው በሬው ጫንቃ ላይ እንደሚውል ዛሬም ሰው ፊት ብትጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ።